አፉ ቢንተባተብም ጆሮው ንቁ ነበር፦ ስለ ሞሊ ሜልድረም ለቀረበው ትችት የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ «ይሄን አንብብና ደምህ ይፍላ» ብሎ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ላከልኝ። አነበብኩት። እንዳለውም ደሜ ፈላ። የተጻፈው እኔ በምኖርበት በሜልበርን ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው ስለ ኢያን ሜልድረም ነው። «ሞሊ» ይሉታል። ከ1974 እስከ 1987 በአውስትራሊያ ብሔራዊ ቴሌቪዥን፣ በኤ.ቢ.ሲ.፣ የተላለፈው ካውንትዳውን የተባለ የፖፕ ሙዚቃ ፕሮግራም መለያው የሆነው ባለ ባርኔጣው ሰውዬ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ወደ እኛው አቆጣጠር እመለሳለሁ።)

ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። ሞሊ መናገር የማይችል አቅራቢ ነበር። ዕድል እንጂ ችሎታ አልነበረውም። ፕሮግራሙ ከእንግሊዝ የተቀዳ ነበር፤ ዘፋኞቹም ቢሆኑ በፕሌይባክ አፋቸውን ነው የሚያንቀሳቅሱት። ሰውዬው የሸክላ አሳታሚዎች ደላላ ነበር። ራሱንም እንደ ንጉሥ ያይ ነበር። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ምናችንም አይደለም። በመጨረሻም ካውንትዳውን ሲዘጋ አብሮ ተረሳ። የሁሉም ማሰሪያ «ሙዚቃ አቅራቢ ማለት ሌላው የደከመበትን በስም የሚጠራ ሰው ነው፤ ይሄ ሙያ አይባልም» የሚል ነው።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም፤ ስለዚህ አንቱ እላቸዋለሁ። ሞሊን ግን በአንተ እቀጥላለሁ። ሰማንያውን ያለፈ ሰው ስለሆነ ነውር ሊመስል ይችላል። ግን በዚህ አገር ሞሊን በማዕረግ የሚጠራ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

ከቀላሉ ልጀምር። ሞሊ መናገር አይችልም ነበር ወይ? አዎ፣ አይችልም ነበር። በዚህ ከጸሐፊው ጋር አልጣላም። የድሮዎቹን ቅጂዎች ያየ ሰው ያውቀዋል። አንድ ዓረፍተ ነገር ይጀምርና መሃል መንገድ ላይ ጥሎት ሌላ ይጀምራል። «እ... እ...» ይላል። ባርኔጣውን ይነካካል። የባንዱን ስም ሊናገር ሲል ይጠፋበትና እጁን ያወናጭፋል።

ጸሐፊው ለማስረጃ የጠሩት በ1977 ከእንግሊዙ ልዑል ቻርልስ ጋር ያደረገውን ቃለ መጠይቅ ነው። ልክ ናቸው፤ ከዚያ የባሰ የለም። ሞሊ ላብ በላብ ሆኗል። ቃላት ተሳክረውበታል። ደጋግመው ነበር የቀረጹት። ከዚያ ሁሉ መሃል ለንደን ውስጥ «እናትህን አየኋቸው» ዓይነት ነገር ያመልጠዋል። ልዑሉ «ግርማዊት ንግሥቲቱን ማለትህ ነው» በሚል መንፈስ ያርሙታል። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ያሉት አባቶቻችን ይህን ሳያዩ አልቀሩም!

ጥያቄው ግን እዚህ ላይ ነው። እንዲህ የተበላሸ ቃለ መጠይቅ ያደረገ ሰው እንዴት ከዚያ በኋላ ሌላ አሥር ዓመት በስክሪኑ ላይ ቆየ? ጸሐፊው «የአውስትራሊያ ተመልካች ጥሩና መጥፎውን አይለይም» ብለው ያልፉታል። ይሄ ለኔ መልስ አይሆንም። በደህናው ዘመን ፕሮግራሙን እስከ 3 ሚሊዮን ሰው ያየው ነበር ይባላል። የአገሩ ሕዝብ ያን ጊዜ 14 ሚሊዮን ገደማ ነው። ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ከአምስት ሰው አንዱ እሑድ ማታ በእኛ 12 ሰዓት ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣል ማለት ነው። ያ ሁሉ ሰው ጆሮው ደንቁሮ አይደለም።

እኛ አገር አቅራቢ ሲባል ድምፁ የተቃና፣ ቃሉ የተመዘነ ሰው ነው የሚታየን። የሬዲዮ አስተዋዋቂ ሲያወራ ቀጥ ብለን ነው የምንሰማው። ጸሐፊው ይዘው የመጡት ይህንን ሚዛን ነው። ሞሊን ግን በዚህ ሚዛን ላይ ስታስቀምጡት ከሚዛኑ ይወድቃል። እሱ የሚያወራው አዲስ ሸክላ ገዝቶ፣ ቤቱ ሄዶ ሦስት ጊዜ ሰምቶ፣ አራተኛውን ለጓደኛው ሊያሰማ እንደሚሮጥ ልጅ ነው። እንደዚያ ያለ ልጅ ደግሞ ይንተባተባል። ብዙ ጊዜ አንድ አልበም ከፍ አድርጎ ይይዝና «ለራሳችሁ ስትሉ ይሄን ስሙ» ይላል። ሐረጉ እስከ ዛሬ የአገሬው ቀልድ ነው። በነጋታው ሸክላ ቤት ሄዶ የሚጠይቅ ነበር።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ እዚሁ ሜልበርን ባለችበት በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ገጠር ያደገ፣ በአንድ ወቅት እንዲህ አለኝ። «ሌሎቹ አቅራቢዎች ከእኔ በላይ እንደሚያውቁ ነው የሚነግሩኝ። ሞሊ ግን ከእኔ እኩል ነው የሚደነግጠው።» ይሄን የሚያስተምር የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት አላውቅም።

ወደ «ዕድል» እንሂድ። ጸሐፊው ሞሊ ድንገት ካሜራ ፊት የተገኘ ሰው አድርገው ያቀርቡታል። እዚህ ላይ ነው ጽሑፉ በጣም የሚሰንፈው።

ሞሊ በ1943 በቪክቶሪያ ኦርቦስት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። በ1964 ቢትልሶች ሜልበርን ሲመጡ ፌስቲቫል ሆል ገብቶ ከመጠን በላይ በመጮኹ አውጥተው ጣሉት። (ልብ በሉ፣ ሁሉም ሰው በሚጮኽበት የቢትልስ ኮንሰርት ላይ ነው በመጮኽ የተባረረው።) በ1966 ሜልበርን ውስጥ ጎ-ሴት የተባለ የወጣቶች የሙዚቃ ጋዜጣ ተጀመረ። በዚያው ዓመት ሞሊ መጻፍ ጀመረ። «ሞሊ» የሚለውን የሴት ስም የለጠፈበትም በዚሁ ጋዜጣ ላይ ይጽፍ የነበረው የሬዲዮ ሰው ስታን ሮፍ ነው። ስታን ሮፍ በሜልበርን ሬዲዮ ሮክ ኤንድ ሮልን ካስለመዱት አንዱ ነበር። ስሙ እንግዲህ ከሬዲዮ ሰው አፍ የወጣ ነው፤ ለቀልድ ተለጠፈ፣ እንደተለጠፈ ቀረ።

ጎ-ሴት የተዘጋው በ1974 ኦገስት ላይ ነው። ካውንትዳውን የጀመረው በዚያው ዓመት ኖቬምበር ነው። በመካከል ሦስት ወር ብቻ። ይህ ሰው ካሜራ ፊት ከመቆሙ በፊት ስምንት ዓመት ሙሉ ማን ከየትኛው ባንድ ወጣ፣ ማን ወደየትኛው ገባ፣ የትኛው ዘፈን ይሠራል፣ የትኛው ይሞታል እያለ ሲጽፍ የኖረ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጸሐፊው ጨርሶ ያላነሱት ነገር ነው። ሞሊ ፕሮዲውሰር ነበር። በ1969 ራስል ሞሪስ የተባለ ወጣት ዘፋኝ «ዘ ሪል ቲንግ» የሚባል ዘፈን አወጣ። ዘፈኑን የጻፈው ጆኒ ያንግ ነው። ያቀናበረውና ስቱዲዮ ውስጥ እንደ ሊጥ ያቦካው ግን ሞሊ ነው። ያን ጊዜ ሬዲዮ የሚወደው ሦስት ደቂቃ የማይሞላ ዘፈን ነበር። ይሄኛው ከስድስት ደቂቃ ይበልጣል። ድምፅ በድምፅ ላይ ተደርቧል፣ ድምፁ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣ መጨረሻው ላይ ፍንዳታ አለ። ወጪው ያኔ ለአንድ ነጠላ ዜማ ያልተሰማ ነበር፤ 10 ሺህ ዶላር ገደማ ይባላል። ያበደ መስሏቸው ነበር። ዘፈኑ በአገሩ የሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ አንደኛ ወጣ።

ማንም ሰው ዕድል ብሎ ሊጠራው ይችላል። እኔ ግን ይህን ዘፈን በጆሮ ማዳመጫ ስሰማ የሚታየኝ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስቱዲዮ ውስጥ «አንዴ ድገሙት» እያለ ሰው የሚያስመርር ሰው ነው። ያ ጆሮ ነው በኋላ ቴሌቪዥን ላይ የመጣው።

የመጣውም መጀመሪያ በአቅራቢነት አይደለም። ካውንትዳውንን ያቋቋሙት ዳይሬክተሩ ሮቢ ዊክስ፣ ፕሮዲውሰሩ ማይክል ሽሪምፕተንና ሞሊ ናቸው። የሞሊ ሥራ ማን ይቅረብ፣ ምን ይዘፈን የሚለውን መምረጥ ነበር። ካሜራ ፊት የወጣው በኋላ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን መድረኩን የሚመሩ ሌሎች ዘፋኞች ይጋበዙ ነበር፤ ሞሊ የራሱ የወሬ ሰዓት ነበረችው። እንግዲህ ጸሐፊው «አቅራቢ ሆኖ መናገር አይችልም» ሲሉ የሰውየውን ሁለተኛ ሥራ ይዘው ነው የመጀመሪያውን የሚክዱት። መናገሩ ትርፍ ነበር። ደመወዙ የመስማት ነው።

«ከእንግሊዝ የተቀዳ ነው» ለሚለው ደግሞ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ወዳጆቼ በዚህ ነገር ላይ ስጀምር ሰዓት ያያሉ፤ እናንተም ታገሡኝ።

የእንግሊዙ ቢ.ቢ.ሲ. ቶፕ ኦቭ ዘ ፖፕስ የተባለውን የፖፕ ፕሮግራሙን የጀመረው በ1964 መጀመሪያ ነው። በአሥር ዓመት ይቀድማል። ስቱዲዮ ሙሉ ልጆች፣ ሰንጠረዥ፣ አንደኛ ማን ወጣ የሚለው ጉጉት፣ ሁሉም ከዚያ ነው። ይሄን መካድ አያስፈልግም። ግን ሐሳብ ሲሻገር አገሩን ይመስላል። ለንደን ላይ አንድ ዝነኛ ዘፋኝ ሲፈለግ በታክሲ ይመጣል። አውስትራሊያ ግን የምድር ጫፍ ናት። ማንም ሰው ለአንድ ዘፈን ብሎ አንድ ቀን ሙሉ በአውሮፕላን አይበርም። ስለዚህ ዘፋኙ ራሱን ሳይሆን ፊልሙን ይልካል። የካውንትዳውን ሰዎች ያንን ፊልም እንደ መሙያ አላዩትም። እንደ ዋና ምግብ አቀረቡት።

የዚህ ምሳሌው አባ ነው። (የገዳም አባ አይደሉም፤ አራቱ ስዊድናውያን ናቸው።) በ1974 ዩሮቪዥን የተባለውን የአውሮፓ የዘፈን ውድድር አሸነፉ። ከዚያ በኋላ ግን እንግሊዞች ቀዝቀዝ ብለውባቸው ነበር። በ1975 ካውንትዳውን «ማማ ሚያ» የተባለውን ዘፈን ክሊፕ ደጋግሞ አሳየ። ዘፈኑ በነጠላ ዜማ አልወጣም፤ ለመውጣትም አልታሰበም። ልጆቹ ግን ሸክላ ቤት እየሄዱ «የእሑዷን ዘፈን ስጡን» ይላሉ። እዚህ ያለው አሳታሚ ወደ ስዊድን ጻፈ። ስዊድኖቹ መጀመሪያ እምቢ አሉ። ግፊቱ ሲበዛ ፈቀዱ። ዘፈኑ አውስትራሊያ ውስጥ 10 ሳምንት አንደኛ ሆነ። በዓመቱ «ፈርናንዶ» 14 ሳምንት አንደኛ ላይ ተቀመጠ። በ1977 ማርች ባንዱ ለኮንሰርት ሲመጣ አገሩ ሥራ የፈታ ይመስል ነበር።

ይህን ሁሉ ሞሊ ብቻውን ሠራው አልልም። ዘፈኖቹ በራሳቸው ጥሩ ናቸው። ግን እንግሊዝ ላይ ሰንጠረዥ የሚታየው የሸማቹን ግዢ ተከትሎ ነው። ካውንትዳውን ደግሞ ገና ማንም ሊገዛው የማይችለውን ዘፈን እያሳየ ገዢውን ይፈጥር ነበር። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ብሎንዲንም አስቡ። የኒው ዮርክ ባንድ ናቸው። በ1977 አገራቸው ውስጥ ገና ማንም አያውቃቸውም። አውስትራሊያ ውስጥ የሚሸጠው ነጠላ ዜማቸው ሌላ ሆኖ ሳለ ካውንትዳውን «በስሕተት» የጀርባውን ገጽ፣ «ኢን ዘ ፍሌሽ»ን፣ አሳየ። ዘፈኑ ሁለተኛ ደረጃ ድረስ ወጣ። በዓለም ላይ የመጀመሪያው ትልቅ ውጤታቸው ይሄ ነው። ከዓመታት በኋላ ከባንዱ አባላት አንዳንዶቹ ስሕተት አልነበረም፣ ሞሊ ሆን ብሎ ነው ብለው ጠርጥረዋል። እኔም ከጠርጣሪዎቹ ወገን ነኝ። የጀርባው ዘፈን በግልጽ ይሻላላ!

ክሊፕ ብቻ ያሳይ የነበረው ኤም.ቲ.ቪ. አሜሪካ ውስጥ የጀመረው በ1981 ነው። በክሊፕ ዘፋኝ እንደሚሠራ ሜልበርን ከስድስት ዓመት በፊት ገብቷታል። ካውንትዳውን ክሊፕ መቀበል ብቻ ሳይሆን ራሱም ይቀርጽ ነበር። በ1976 ፌብሩዋሪ ኤሲ ዲሲ የተባለውን የአውስትራሊያ የሮክ ባንድ በክፍት የጭነት መኪና ላይ ጭኖ፣ ከቦርሳ ዋሽንት ነፊዎች ጋር፣ በሜልበርን መሃል በስዋንስተን ጎዳና ላይ እየነዳ ቀረጻቸው። ዛሬ ከመኪናው ይልቅ ትራም የሚበዛበት ያው ጎዳና ነው። እኔ በሳምንት ሦስት ቀን በዚያ አልፋለሁ። ከዚያ ራቅ ሳይል በባንዱ ስም የተሰየመ ጠባብ መንገድ አለ፤ ስሙ የተለወጠው በ2004 ነው። ቱሪስቶች ግድግዳው ሥር ምላሳቸውን አውጥተው ፎቶ ይነሣሉ። ጸሐፊው የሜልበርን ነዋሪ ከሆኑ አንድ ቀን ይሂዱና ይዩት።

ፕሌይባክ? አዎ፣ ብዙው ፕሌይባክ ነበር። የዚያ ዘመን የፖፕ ቴሌቪዥን ሁሉ እንደዚያ ነው። ነገር ግን በ1975 የኤሲ ዲሲው ቦን ስኮት የሴት ተማሪ ዩኒፎርም ለብሶ፣ ጸጉሩን ጎንጉኖ፣ በንቅሳት የተሞላ ክንዱን እያሳየ የወጣበትን ቀረጻ ያየ ሰው «ድምፁ ቀጥታ ነው ወይስ ከሸክላ?» ብሎ አይጠይቅም። በ1979 አሜሪካዊው የሮክ ዘፋኝ ኢጊ ፖፕ ስቱዲዮውን እንደ ጦጣ ሲዘልበትና ሞሊን ሲያላግጥበትም እንደዚያው። እሑድ ማታ፣ እራት ሰዓት፣ ከአያት ጋር ተቀምጦ ነው ይሄ የሚታየው። ወደሚቀጥለው ልለፍ።

«ደላላ ነበር» የሚለው ክስ ከሁሉም ይከብዳል። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ መንገድ ትክክል ናቸው፤ ግማሹን ልስጣቸው።

ሞሊ በአንድ በኩል የትኛው ዘፈን ለሕዝብ ይታይ ብሎ ይወስናል። በሌላ በኩል ራሱ ዘፈን ያቀናብራል። ከአሳታሚዎቹ ጋር ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይጓዛል። ከካውንትዳውን በኋላ ደግሞ ሜሎዲያን የሚባል የራሱን አሳታሚ አቋቁሞ ፒተር አንድሬን የመሳሰሉ ልጆች አስፈረመ። ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር በአንድ የመንግሥት ጣቢያ ቢደረግ ጩኸቱ አያድርስ ነው። ያኔም ቅሬታ ነበር። ሞሊ ያልወደደው ባንድ በር ላይ ቀረ። አንድ በር ብቻ ባለበት አገር ደግሞ ይሄ ቀላል አይደለም። ሜልድረምን የሚያመልኩ ሰዎች ይህን ጎን ሲያልፉት አይመቸኝም።

ነገር ግን ደላላ ገንዘብ ወዳለበት ነው የሚያጋድለው። ካውንትዳውን ግን በመጀመሪያው ዓመት ምን አደረገ? ስካይሁክስ የተባለ የሜልበርን ባንድ ነበር። በ1974 መጨረሻ የመጀመሪያ አልበሙን አወጣ። ያሳተመው ማሽሩም የተባለ፣ ገና ሁለት ዓመት የሞላው ትንሽ ድርጅት ነው። ዘፈኖቹ ስለ ሜልበርን ሰፈሮች፣ ስለ ሐሺሽ፣ ስለ አልጋ ነገር በግልጽ ይናገራሉ። የንግድ ሬዲዮዎች ማኅበር ከአሥሩ ዘፈን ስድስቱን አገደ። በዚያ ዘመን ሬዲዮ አገደህ ማለት ተቀበርክ ማለት ነው።

ኤ.ቢ.ሲ. ግን ማስታወቂያ አይሸጥም። የሳሙና ፋብሪካ ይቆጣኛል ብሎ አይፈራም። ካውንትዳውን ስካይሁክስን ከነቀለማቸው፣ ከነላባቸው አወጣቸው። የቀለም ቴሌቪዥን በአውስትራሊያ በይፋ የጀመረው በ1975 ማርች 1 ነው፤ ፊታቸውን የሚቀባቡት ስካይሁክሶች ለዚያ የተፈጠሩ ይመስሉ ነበር። «ሆረር ሙቪ» የሚለው ዘፈናቸው በዚያው ወር አንደኛ ሆነ። ዘፈኑ የሚናገረው ስለ አስፈሪ ፊልም ይመስላችኋል፤ መጨረሻ ላይ ግን አስፈሪው ነገር የማታው የቴሌቪዥን ዜና ሆኖ ይገኛል። ያንን ዘፈን ያሳየው ደግሞ ዜና የሚያነበው ጣቢያ ነው። ደስ አይልም?

ሬዲዮም ሰምቷል። በ1975 ጃንዋሪ 19 ሲድኒ ላይ ደብል ጄ የሚባል የኤ.ቢ.ሲ. የወጣቶች ሬዲዮ ሲከፈት የመጀመሪያው ዘፈን እንዲሆን የመረጡት ከታገዱት የስካይሁክስ ዘፈኖች አንዱን ነው። ዛሬ ትሪፕል ጄ በሚባለው ስሙ በመላው አገሩ ይሰማል። ቴሌቪዥኑም ሬዲዮውም የሚሠራው በአንድ ድርጅት ሥር ነው። የተዘጋውን በር የከፈቱት በሁለት ወገን ተጋግዘው ነው። እንግዲህ ሞሊ ደላላ ከሆነ የመጀመሪያ ዕቃው ማንም ሊያስነካው ያልፈለገው ዕቃ ነበር።

ለገጠሩ ልጅ ደግሞ ነገሩ ከዚህም ያልፋል። የንግድ ሬዲዮ በየከተማው የተለያየ ነው። ሲድኒ የሚያውቀውን ባንድ ፐርዝ አያውቀውም። ካውንትዳውን ግን አንድ ምሽት፣ በአንድ ሰዓት፣ በመላ አገሩ ይታያል። አንድ ባንድ እሑድ ከታየ ሰኞ በየትኛውም የገጠር ከተማ አዳራሽ መሙላት ይችላል። የአውስትራሊያ ባንዶች በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ድረስ የዘለቁት ከዚህ ልምምድ በኋላ ነው። ሜን አት ዎርክ የተባለው የሜልበርን ባንድ በ1983 ጃንዋሪ አሜሪካ ላይ አንደኛ የሆነው በሕልም አይደለም።

«ለእኛ ምናችን ነው?» የሚለው አንቀጽ አጭር ነው፤ እኔም አሳጥራለሁ። በቀጥታ ምናችንም አይደለም። ሞሊ ስለ ሀበሻ የሚያውቀው ነገር ይኑር አይኑር ግድ የለኝም። ሰው ለማድነቅ የግድ ዘመድ መሆን የለበትም። ግን አንድ ነገር ላስታውስ። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ 1985 ጁላይ 13፣ ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ ላይቭ ኤይድ የተባለው የእርዳታ ኮንሰርት ሲደረግ ሲድኒም «ኦዝ ፎር አፍሪካ» የሚል ኮንሰርት ነበራት። ኢንኤክሴስና ሌሎችም ባንዶች ተጫውተዋል። የሚለመነው ለ77ቱ ድርቃችን ነበር። መድረኩ ላይ የወጡት ባንዶች ብዙዎቹ የእሑዱ ፕሮግራም ያሳደጋቸው ናቸው። ያ ገንዘብ የት ደረሰ የሚለው ሌላ ጽሑፍ ነው፤ እኔም የራሴ ንዴት አለኝ። የዚያ ትውልድ ዘፋኞች አዳራሽ ሞልተው ለእኛ መለመን የቻሉት ግን ቀድሞ አዳራሽ መሙላት ስለለመዱ ነው።

የመጨረሻው ክስ፣ «ተረሳ»። ይሄንን ሳነብ ሳቄ መጣ።

ካውንትዳውን በ1987 ሲያበቃ ሞሊ በቻናል ናይን ሄይ ሄይ ኢትስ ሳተርደይ በሚባለው የቅዳሜ መዝናኛ ላይ የሙዚቃ ክፍል ያዘ። ፕሮግራሙ እስከተዘጋበት እስከ 1999 እዚያው ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ማለት ነው፤ ለአንዳንዱ ሰው ሙሉ የሥራ ዘመን። እዚያ ፕሮግራም ላይ ጀማሪዎችን ያለ ርኅራኄ የሚያሽሟጥጠው ዳኛ ደግሞ ሬድ ሲመንስ ነበር፤ የዚያ የታገደው የስካይሁክስ ጊታሪስት። እሱም በኋላ ሜልበርን ውስጥ ለዓመታት የኤ.ቢ.ሲ. የጠዋት ሬዲዮ አቅራቢ ሆነ። ይሄ ሁሉ በአንድ ሰፈር የሚሽከረከር ነው።

በ2011 ዲሴምበር ሞሊ ሪችመንድ ባለው ቤቱ የገና ጌጥ ሊሰቅል መሰላል ላይ ወጥቶ ወደቀ። ጭንቅላቱ ክፉኛ ተጎዳ። ይተርፋል ያለ ጥቂት ነበር። ያን ሳምንት የአገሩ ዜና ሁሉ ስለ እሱ ነበር። የተረሳ ሰው ሲወድቅ እንዲህ አይደረግም። ተረፈ። በ2016 ቻናል ሰቨን ሕይወቱን በድራማ አቀረበው። እሱን ሆኖ የተወነው ሳሙኤል ጆንሰን በዓመቱ የአገሩን ትልቁን የቴሌቪዥን ሽልማት፣ የወርቅ ሎጊን፣ ወሰደ። ሽልማቱን ሊቀበል ሲወጣ ማን መድረክ ላይ ወጥቶ ንግግሩን ቢቀማው ጥሩ ነው? ራሱ ሞሊ። ሲወላገድ፣ ሲዘባርቅ፣ ሰዓት ሲበላ። በ2023 ደግሞ በኤልተን ጆን የሜልበርን ኮንሰርት ላይ መድረክ ወጥቶ ሱሪውን ዝቅ አደረገ፤ በኋላ ይቅርታ ጠየቀ። ጸሐፊው ይሄኛውን በትልቁ ጽፈውታል። ይጻፉት። እኔም አላጨበጨብኩም። ግን ሰው ሲረሳ ሱሪው ዜና አይሆንም።

«ራሱን እንደ ንጉሥ ያይ ነበር» ለሚለው ግን አንድ ነገር ብዬ ልጨርስ።

ሚድናይት ኦይል የሚባል የሲድኒ ባንድ አለ። መሪ ዘፋኙ ፒተር ጋሬት ረጅም፣ ጸጉሩን ሙልጭ አድርጎ የተላጨ ሰው ነው፤ በኋላ የፌደራል ሚኒስትር እስከ መሆን ደርሷል። ባንዱ ካውንትዳውን ላይ አንድም ቀን አልተጫወተም። ፕሮግራሙን አልወደዱትም፣ አንወጣም አሉ፣ አልወጡም። ያለ ሞሊም ትልቅ ሆኑ። ለሞሊ እንደ እሾህ ነበሩ ማለት ይቻላል።

1987 ጁላይ 19 የመጨረሻው ፕሮግራም ነው። አሥራ ሦስት ዓመት አልቋል። ሁሉም ሰው ለቅሶ ይጠብቃል። ሞሊ ያን ዝነኛ ባርኔጣውን እንዳደረገ ወጣ። ከዚያ አወለቀው። ራሱን እንደ ፒተር ጋሬት ሙልጭ አድርጎ ተላጭቶት ነበር።